«የመጨረሻው ስንት ነው?» የአዲስ አበባ ቤት ሻጭ ዋጋ የሚቆርጠው ምን ይዞ ነው?

አያት አካባቢ በምመላለስበት መንገድ ዳር አንድ ቪላ አለ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የሚሸጥ ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ጽሑፉን ማየት ከጀመርኩ ሁለት ክረምት አልፏል። በመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ የቁጥሩን ጫፍ ሲያደበዝዘው ባለቤቱ እንደ አዲስ አስጻፈው። ዘንድሮ ግን የነካው የለም። አንድ ቀን ጥጉ ላይ ካለችው የጀበና ቡና ቁጭ ብዬ የሰፈሩን ደላላ «ይሄ ቤት ምን ሆኖ ነው የማይሸጠው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ቤቱ ምንም አልሆነም። ሰውየው የጎረቤቱን ዋጋ ነው የሚጠራው» አለኝ።

«የጎረቤቱ ተሸጠ እንዴ?»

«ኧረ የት ተሽጦ! እሱም እየጠራ ነው።»

ሳቅን፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ዋጋ ሲቆርጥ በእጁ ያለው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ሌሎች ስንት እየጠሩ እንደሆነ። የተሸጠበትን ዋጋ ግን የሚያውቅ የለም። የሚያውቀውም አይናገርም።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የሸጠ ወገናችን ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እዚያ የጎረቤት ቤት ባለፈው ወር በስንት እንደተሸጠ ከሕዝብ መዝገብ በስልክ ይታያል፤ አሻሻጩም ዋጋ የሚያወጣው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን አስቀምጦ ነው። ሻጩ ቢያጋንን እንኳ ምን ያህል እንዳጋነነ ያውቃል። እኛ ዘንድ ማነጻጸሪያው ራሱ ተደብቋል፤ የሚደብቁትም ሻጭና ገዥ ተስማምተው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤት ስሙ ሲዞር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ የስም ማዘዋወሪያ 4 በመቶ ሲከፈል ኖሯል። ከዚያ ላይ ሻጩ ባገኘው ጥቅም ላይ የሚከፈል ግብር አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ 979 ለሕንፃ 15 በመቶ ብሎ ወስኖታል፤ ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ የተኖረበትን የግል መኖሪያ ግን ከዚህ አውጥቶታል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ሻጩ የራሱን ሁኔታ ገቢዎች ሄዶ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ለማንኛውም ይህን ሁሉ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ገንዘብ ለየቅል ሆነዋል። መንግሥትም ይህን ስለሚያውቅ በውሉ ላይ ያለውን አምኖ አይቀበልም፤ በራሱ ግምት ያስከፍላል። ስለዚህ አንድ ቤት ሦስት ዋጋ አለው፦ የውሉ፣ የመንግሥት ግምቱና እውነተኛው። ለቀጣዩ ሻጭ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነበር፤ የትም አልተጻፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው። ውሉ ቢፈርስና ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው ፊት የሚቀርበው የተጻፈው ቁጥር ነው። ስድስት ሚሊዮን ብሎ አስጽፎ አሥር ሚሊዮን የከፈለ ገዥ የቀረችውን አራት ሚሊዮን በምን ያስረዳል? ሻጩም ቀሪ ክፍያ በአደራ ትቶ ውል ከፈረመ ያው ነው።

ማስታወቂያው የማይነግረን

መዝገብ ከሌለ ሰው ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። «ጀሞ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ካርታው የወጣለት፣ ከዕዳ ነፃ፣ ድርድር አለው።» ሃያ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰብስቦ፣ ደምሮ፣ ለሃያ አካፍሎ «የሰፈሩ ዋጋ ይሄ ነው» ይላል። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ከሥሩ የተበላሸ ስሌት ነው። በልኩ የተተመነ ቤት በሁለትና ሦስት ሳምንት ከገበያ ይወጣል። የተጋነነው ግን ዓመቱን ሙሉ በየቻናሉ ሲለጠፍ ይኖራል። በማንኛውም ቀን ስልክ ከፍተን የምናያቸው ቤቶች በብዛት ያልተሸጡት ናቸው ማለት ነው። የእነሱን አማካይ የሚያወጣ ሰው የከሸፉ ዋጋዎችን አማካይ እያወጣ ነው።

ወሬውም ወደ አንድ ወገን ያደላል። በጥሩ ዋጋ የሸጠ ሰው በየለቅሶው ቤት ይናገራል። በችኮላ፣ በሕመም ወይም በዕዳ ምክንያት ያረከሰ ግን ዝም ይላል፤ ከተጠየቀም ጨምሮ ነው የሚናገረው። ከዚያ ደላላው አለ። ቤትህን እንድትሰጠው የሚፈልግ ደላላ «ይሄማ አሥራ ሁለት አያንስም» ቢልህ ምን ይጎዳዋል? ዋጋውን እሱ አይከፍለው። ቤቱ እጁ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ እየደወለ «ገበያው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል ጋሼ፣ ዝቅ እንበል እንዴ?» እያለ ሊያወርድህ ይችላል።

ከወሬ የሚሻል ምንጭ ግን አለ። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ኮሚቴ ማን እንደለቀቀ፣ ማን እንደገባ፣ ብዙ ጊዜም በስንት እንደሆነ ያውቃል። የግቢው ዘበኛም ያውቃል። ውል ጸሐፊዎች ስም ሳይጠሩ «በዚህ ወር በዚህ ሳይት ይሄን ያህል ተፈርሟል» ሊሉህ ይችላሉ። አዲስ ገብቶ ቤቱን የሚያድስ ጎረቤት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ገዥ ስለሆነ በተጋነነ ዋጋ ገዛሁ ማለት አይወድም፣ ስለዚህ ወደ እውነቱ የቀረበ ቁጥር ይናገራል። ለእነዚህ ሰዎች የሚቀርበው ጥያቄ «ቤት ስንት ገባ?» መሆን የለበትም። የትኛው ቤት፣ በየትኛው ወር፣ በመጨረሻ በስንት ተዘጋ፣ ክፍያው ባንዴ ነበር ወይስ በሁለትና በሦስት ጊዜ ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያሉ አራት እውነተኛ ሽያጮች ከመቶ ማስታወቂያ ይሻላሉ።

የባንክ ግምትም አለ። ባንክ ለመያዣ ሲገምት በዋናነት የግንባታውን ወጪ ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህ ዝቅ ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በወረቀት የምንሸጠው በመሬቱ ላይ ያለውን ቤትና የይዞታውን መብት ነው። ገዥው ግን ቦሌ ላይ ያረጀ የጭቃ ቤት ሲገዛ ለጭቃው እንዳልከፈለ ሁሉም ያውቃል። የባንኩ ግምትና የገበያው ዋጋ የሚራራቁት በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም ከታች ያለውን ወለል ያሳያል፤ በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ከመጣም የሚፈቀድለት ገንዘብ የሚሰላው በዚያ ነው።

የዶላሩ ስሌት

ባለፉት ዓመታት የሻጮችን ራስ ካዞሩ ነገሮች ትልቁ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። በዚያ ሰሞን ዋጋውን በአንድ ሌሊት እጥፍ ያደረገ ሻጭ ብዙ ነበር። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፦ ዶላር እጥፍ ሆነ፣ ቤቴም እጥፍ ይሁን።

ስሌቱ አንድ ነገር ረስቷል። የአዲስ አበባ ቤት ድሮም በባንክ ምንዛሪ አልተተመነም። ከለውጡ በፊትም ከውጭ በተላከ ገንዘብ የሚገዛው ሰው፣ ሲሚንቶና ብረት ያስመጣው ነጋዴ፣ ብሩን ከመውደቅ ሊያድን የሚሯሯጠው ሁሉ የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ነበር፤ እዚያ ደግሞ ዶላር ከ110 ብር በላይ ነበር። 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በባንክ ተመን 140 ሺህ ዶላር ይመስል ነበር። በጥቁር ገበያ ተመን ግን ወደ 70 ሺህ ነው። ከለውጡ በኋላ የባንኩ ተመን ወደ ጥቁር ገበያው ተጠጋ እንጂ ገዥው እጅ ያለው ዶላር አልበዛም። ዋጋውን 16 ሚሊዮን ያደረገው ሻጭ «ዶላሬን አስመለስኩ» ሲል ያስመለሰው በእውን ያልነበረ 140 ሺህ ዶላር ነው። ገዥውም ያንን ስላወቀ አልደወለም።

ብሩ ከዚያ በኋላም መዳከሙን አላቆመም፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በባንክ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ዶላሩን ፈጽሞ አትመልከት አልልም። የምለው ዶላሩ ገዥ አይደለም ነው። ዋጋን የሚወስነው ለዚህ ቤት፣ በዚህ ወር፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው መኖሩ ነው።

የገዥው ብዛት ደግሞ ተቀንሷል። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። ቀድሞም የቤት ብድር ለብዙ ሰው ሩቅ ነበር። ባንኮች ማበደር የሚችሉት ሲጠብ ረጅም ዓመት የሚፈጀው የቤት ብድር ከቀዳሚዎቹ ተሠዊዎች አንዱ ይሆናል። በዚህ ከተማ የቤት ገዥ በአመዛኙ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለው ደግሞ አይቸኩልም፤ አሥር ቤት ያያል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፣ ይሄዳል።

የውጭ ዜጎች ቤት እንዲገዙ የሚፈቅደው አዋጅ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሲጸድቅም ተመሳሳይ ተስፋ ተነሥቶ ነበር። «አሁን ቻይናው ሊገዛ ነው» የሚል ወሬ ኮንዶሚኒየም ድረስ ወረደ። አዋጁ ግን ዝቅተኛውን 150 ሺህ ዶላር አድርጎታል። በወቅቱ ተመን ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። ሰሚት ላይ ስቱዲዮ የሚሸጥ ሰው ከዚህ ሕግ የሚጠብቀው ነገር የለም። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በቢጫ ካርዳቸው ቀድሞም ይገዙ ነበር።

ቤቱ ወይስ ወረቀቱ

ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ፣ በአንድ ፕላን የተሠሩ ቪላዎች በዋጋ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ልዩነቱን ግቢ ገብተህ አታየውም። ካርታው ላይ ነው። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰኑ ዓመታት ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ስንት ቀርቶታል፣ በየዓመቱስ ስንት ይከፈላል? ያልተከፈለው ሊዝ ከቤቱ ጋር ወደ ገዥው ስለሚያልፍ ከዋጋው መቀነስ አለበት። ነባር ከሆነም ገዥው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ «ነባር ነው» እያለ ተጨማሪ የሚጠይቅበት ነገር ገዥው እጅ ሲደርስ ነባር ላይሆን ይችላል። በካርታው ላይ 200 ካሬ ተብሎ ግቢው ሲለካ 230 ቢሆን፣ ሠላሳዋን ካሬ በሙሉ ዋጋ መጠየቅ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ካርታ ውስጥ ያልገባ መሬት ለሻጩ ሀብት፣ ለገዥው ራስ ምታት ነው።

ስለ ካሬ ካነሣን፣ «እዚያ ማዶ በጨረታ ካሬው ይሄን ያህል ወጣ» የሚለው ማስረጃም አያስኬድም። የሊዝ ጨረታ አሸናፊ ያንን ገንዘብ ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በዓመታት ነው የሚከፍለው፤ የሚገዛውም ለንግድ ወይም ለከፍተኛ ሕንፃ የተመደበ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሪል ስቴቶች የሚለጥፉት የካሬ ዋጋም እንዲሁ ነው፤ ገና ያልተሠራ ቤት በረጅም ጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ነው። ዛሬ ቁልፍ ተቀብሎ ዛሬ የሚከፍል ሰው ሌላ ሒሳብ አለው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ወረቀቱ ይበልጥ ይወስናል። በዕጣ የደረሰውን ቤት ባለዕድሉ አምስት ዓመት ሳይሞላ በሕጋዊ መንገድ ማስተላለፍ አይችልም። ያም ሆኖ በውክልና የሚሸጥ አለ፤ ዋጋው የሚረክሰውም ስለዚህ ነው፤ ገዥው ስሙ እስኪዞር ድረስ ሻጩ እንዳይሞትበት፣ እንዳይፋታ፣ እንዳይክደው እየጸለየ ነው የሚኖረው። የ20/80 ቤት (20 በመቶው በቁጠባ፣ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈለው) የባንክ ዕዳም አለው። «ዕዳው በገዥ» እና «ከዕዳ ነፃ» የሚሉት ሁለት ማስታወቂያዎች አንድ ቁጥር ቢጽፉም አንድ ዋጋ አይደሉም።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ፎቁ፣ ውሃው፣ ፀሐዩ የሚመጣው። አሳንሰር በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግፊቱ እዚያ ድረስ ካልወጣ፣ የታችኛውን ፎቅ ዋጋ መጥራቱ ከንቱ ነው። ምድር ቤት ሆኖ ለሱቅ የሚሆን በር ያለው ደግሞ በመኖሪያ ዋጋ መሸጥ የለበትም። መኪና የሚያስገባ መንገድና በረንዳ ላይ ተንጠልጥላ የምትታይ አንዲት ሮቶ ከውድ ሴራሚክ ይበልጥ ይናገራሉ። ሴራሚክ ካልን ዘንድ፣ ለጌጥ የወጣ ገንዘብ እንዳለ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ ሻጭ ያሳዝነኛል። «ኪችን ካቢኔቱ ብቻ ስንት ፈጀብኝ» ይላል። ገዥው ግን ገና ከደረጃው ሳይወርድ ያንን ካቢኔት በሐሳቡ ነቅሎታል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጣ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ያየ ገዥ መሀል ከተማ ላለ አሮጌ ቤት ሲጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄው «ይፈርሳል ወይ?» ነው። በቃል የሚሰጥ ዋስትና ዋጋ የለውም። በአንጻሩ መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው ተሠርቶ ባለቀበት ቦታ ከኋላው ያሉ ቤቶች ተፈላጊነታቸው ጨምሯል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ፍርሃትና ተስፋ ሁለት መቶ ሜትር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ «የሰፈሩ ዋጋ» የሚባለውን ከዚያ በጠበበ መለኪያ ማየት ይሻላል።

«በእጄ ዘጠኝ ይግባ»

ደላሎችን አልረግምም። መዝገብ በሌለበት ገበያ መዝገቡ እነሱ ናቸው። ግን ሻጮች ራሳቸው የሚፈጥሩት አንድ ችግር አለ፦ «በእጄ ዘጠኝ ሚሊዮን ይግባ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ» የሚለው ስምምነት። ሻጩ ኮሚሽን የቀረለት ይመስለዋል። ያደረገው ግን የመጥሪያውን ዋጋ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ደላላው ዘጠኝ ተኩል ይላል፣ ከሱ የተቀበለው አሥር፣ ሦስተኛው አሥር ተኩል። ገዥው ያንኑ ቤት በሦስት ቻናል በሦስት ዋጋ ያገኘዋል። ያኔ ዝቅተኛውን ይዞ ከዚያ ሊያወርድ ይነሣል፣ ወይም «ይሄ ነገር ችግር አለበት» ብሎ ያልፋል። ሻጩ ደግሞ ቤቱ በዘጠኝ እየተጠራ እንደሆነ እያሰበ ለምን እንደማይመጡ ይገርመዋል። የተለመደውን 2 በመቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ደላላ ቃል ገብቶ፣ ዋጋውን አንድ አድርጎ በጽሑፍ መላክ ከዚህ በብዙ ይሻላል።

ለድርድር ስንት ይተው? ገዥው «ቀንስልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ያልቀነሰ ሻጭ ቢረክስ እንኳ ገዥው ተበለጥኩ ብሎ ያዝናል። እኔ በኮንዶሚኒየም ከአምስት በመቶ በላይ መጨመሩን አልደግፍም፤ ተመሳሳይ ቤት እዚያው ብሎክ ውስጥ ስላለ ገዥው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ቪላ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ይችላል። ገዥ ገንዘቡን የሚቆጥረው በሙሉ ቁጥር እንደሆነም ማስታወስ ደግ ነው። «እስከ ስምንት ሚሊዮን» ብሎ ለደላላ የነገረ ሰው ስምንት ከሦስት መቶ የሚጠራውን ቤት ማየት ራሱ አይመጣም፤ ሰባት ከዘጠኝ መቶ ቢባል መጥቶ፣ ወድዶ፣ ከወንድሙ ተበድሮ ስምንት ሊሞላ ይችል የነበረ ሰው ነው።

ቤቱ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚሆነው ብዙ ይናገራል። የሚደውል ከሌለ ዋጋው ሩቅ ነው። እየመጡ አይተው ቁጥር ሳይጠሩ የሚሄዱ ከበዙ ጉዳዩ ወረቀቱ ወይም ቤቱ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጡ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ቢያስቆጣም፣ ገበያው መልሱን ሰጥቷል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው ቀብድ ይዞ ከመጣ ደግሞ ዋጋው አንሷል ማለት ነው።

አምስት ወራሽ፣ አንድ ቤት

ዋጋ መቁረጥ ከስሌት ይልቅ የቤተሰብ ጉዳይ የሚሆንባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በቅርብ የማውቃቸው አምስት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የእናታቸውን ቤት ኮልፌ ላይ ለመሸጥ ተስማሙ። ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ሐዋሳ። እዚህ ያሉት ጣሪያው እንደሚያፈስ ያውቃሉ። ሲያትል ያለው ግን ቤቱን የሚያውቀው በልጅነቱ ነው፤ በጓሮው ሾላ ዛፍ፣ በጥምቀት ሰሞን በሚሞላው ግቢ። ዋጋው መጨረሻ ላይ የተቆረጠው እሱ በጠራው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቤቱን ካዩት ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ውድ ያደርጉታል። ሌሎቹም «ለምን እኔ አረከስኩት ልባል» ብለው ዝም ይላሉ።

11 ሚሊዮን ብለው አወጡት። በሁለተኛው ወር 9 ሚሊዮን ተኩል፣ ባንዴ የሚከፍል ሰው መጣ። ሲያትል ያለው እምቢ አለ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ በ10 ሚሊዮን ሸጡት። ግማሽ ሚሊዮን ትርፍ፤ ከአምስት በመቶ ብዙም የማይበልጥ። በእነዚያ ወራት ውስጥ ዋጋ ንረቱ ከዚያ በላይ ሄዷል፤ ዘበኛ ተከፍሏል፤ ዱባይ ያለችው እኅት ልትጀምር ያሰበችው የልብስ ሱቅ የአንድ ዓመት ኪራይ ጨምሮ ጠብቋታል። ለእሷ የመጀመሪያው ዘጠኝ ተኩል ከኋለኛው አሥር ይበልጥ ነበር።

ለታላቁ ወንድም ግን አይደለም፤ ክርክራቸውም ያልተፈታው በዚህ ነው። እሱ የድርሻውን ይዞ ለቡ ላይ ኮንዶሚኒየም ነው የገዛው። እሱ ሲጠብቅ የሚሸጠው ቤትም የሚገዛው ቤትም አብረው ተንቀሳቅሰዋል፤ መዘግየቱ ብዙ አልጎዳውም። ገንዘቡን ወደ ንግድ፣ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ውጭ ጉዞ የሚያደርግ ሻጭ በየወሩ የሚከስረውን ቆጥሮ ዝቅ ብሎ መጀመር አለበት። ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር ሻጭ ግን ትኩረቱ መሆን ያለበት በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ላይ ነው፤ እሱ መጠበቅ ይችላል። አምስት ወራሽ አምስት የተለያየ «ትክክለኛ ዋጋ» ሊኖረው ይችላል። ይህን ቁጭ ብለው ሳይነጋገሩ ለደላላ ስልክ መደወል ነው ችግሩ።

ተስማምተው ቀብድ ሲቀበሉም አንድ ፈተና መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ገዥ 10 ሚሊዮን ተኩል አለ። ሲያትል ያለው «መልሱለትና ለዚህ ስጡ» አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ አጥፎ ይመልሳል። አንድ ሚሊዮን ተቀብለው ነበር፤ ሁለት ሚሊዮን ሊመልሱ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ለመጨመር አንድ ሚሊዮን መክሰር። ታናሽየዋ ይህን በቫይበር አስልታ ላከችለት፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደው ፈረሙ።

ሲያትል ያለው ወንድም እስከ ዛሬ፣ ለበዓል ሲደውል፣ ሰላምታው እንዳለቀ «የእነ እትዬ ቤት ስንት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ የቀድሞ ጎረቤታቸው ናቸው። ቤታቸውን የመሸጥ ሐሳብ የላቸውም።